ወደቀ በሉኝ

ባለፈው ወር በአንድ የግጥም ምሽት ላይ አንድ ወዳጄ በእሽቅድድም ሜዳ ስለሞተ ፈረስ የጻፈውን ግጥም አነበበ። ግጥሙ ክፉ አይደለም። ቤቱ ይመታል፤ ሐረጎቹም ተመዝነው የገቡ ናቸው። ፈረሱ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት እርምጃ ሲቀረው እግሩ ይሰበራል፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ገጣሚውም ለሩጫ የተፈጠረ በሩጫ መሞቱ ክብሩ እንደሆነ ነግሮን ከመድረኩ ይወርዳል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ቀረሁ።

ስንወጣ ወዳጄ ክንዴን ያዘና «ምን ጎደለው?» አለኝ። «ሐኪም» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። በር ላይ ቆመን የጀመርነውን ክርክር ብርዱ አቋረጠብን፤ የቀረውን በጽሑፍ እመልስልሃለሁ ብዬው ነበርና እነሆ።

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ የፈረስ ሰው አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ በመስኮት በኩል የሰው ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። በዕድሜዬ ፈረስ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጓሙን የያዘልኝ ሌላ ሰው ነበር። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ዝም የማልልበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የእኛ ሰው ለፈረስ ያለው ፍቅር የሚካድ አይደለም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ንጉሥና መኳንንት በእናት በአባት በወጣላቸው ስም ሳይሆን በፈረሳቸው ስም ተፎከረላቸው፤ በዚያው ስም ተለቀሰላቸው። በአዊ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ የአድዋ ዘማቾችን ከነፈረሶቻቸው ይዘክራሉ። ይህን የመሰለ ባህል በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «አባ» ነው የሚለው። አባትነት ደግሞ ዕዳ አለበት። በግጥማችን ውስጥ የሚፎክረውን አባት አገኘዋለሁ፤ የሚሸልለውን አባት አገኘዋለሁ፤ ፈረሱ ሲያነክስ ወርዶ ሰኮናውን አንሥቶ የሚያየውን አባት ግን ፈልጌ አጣሁት።

ወደ ወዳጄ ስንኝ ልመለስ። «ለሩጫ ተፈጠረ» ይላል። ፈረስ እንደሚሮጥ ማን ይክዳል? ነገር ግን በጀርባው ሰው ተሸክሞ፣ ገና በሁለት ዓመቱ፣ አጥንቱ በቅጡ ሳይጠና፣ ትናንት የታመመ እግሩን በማስታገሻ ረስቶ ይሮጥ ዘንድ የፈጠረው ማን ነው? የእሽቅድድም ፈረስ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቅጽበት አለች፤ በዚያች ቅጽበት ያ ሁሉ አካል ከነግፊቱ በአንዲት የፊት እግር ላይ ያርፋል። የዚያች እግር አጥንት ከአንድ ጎልማሳ የእጅ አንጓ ብዙም አይወፍርም። ይህን ያወቀ ሰው «ክብር» ከማለቱ በፊት «ሜዳው እንዴት ነበር? እግሩን ማን አየው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጠይቀው ያወቁ ሰዎች አሉ። በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሳንታ አኒታ ፓርክ የሚባል ስመ ጥር የእሽቅድድም ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 26 ቀን 2018 እስከ ጁን 2019 በቆየው የውድድር ወቅት በዚያ ሜዳ 30 ፈረሶች ሞቱ። በዚያ ክረምት ዝናብ በዝቶ ነበርና ብዙ ሰው ጥፋቱን በሰማይ ላይ አላከከ። በማርች ወር ውድድሩ ቆመ፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተከፈተ፤ ፈረሶቹም መሞታቸውን አላቆሙም። የግዛቲቱ የፈረስ እሽቅድድም ቦርድ በ2020 የምርመራ ዘገባውን አወጣ። ምርመራው 23 አሟሟቶችን አንድ በአንድ ያያል። ከእነዚህ 22ቱ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት ነበሩ። ከ22ቱ በ21ዱ ላይ፣ አጥንቱ ተሰበረ በተባለበት በዚያው ቦታ፣ ቀድሞ የነበረ የጉዳት ምልክት ተገኘ።

ከ22፣ 21። ይህን ቁጥር ያነበብሁት በምሳ ሰዓት በመሥሪያ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። በእኛ ሙያ የ22 ደንበኞች ገንዘብ ጠፍቶ የ21ዱ ከአንድ ካዝና መጉደሉ ቢታወቅ «ዕድል ነው» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሰው የለም፤ በሩ ይዘጋና ፖሊስ ይጠራል። አጥንት እንደ ሸክላ በድንገት አይሰበርም። በልምምድና በውድድር ብዛት የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ዕረፍት ቢያገኝ ይጠግናል፤ ባያገኝ ይሰፋል። አንዳንዱ ፈረስ ሕመሙን በአረማመዱ ይናገራል፤ አንዳንዱ ደብቆ ይሮጣል። ለዚህ ነው በዚያው ሜዳ በ2019 መጨረሻ ፈረሱ በቁሙ ሳለ የእግሩን አጥንት ውስጥ የሚያይ የፔት ስካን መሣሪያ የተተከለው። መልካም አደረጉ። ዳሩ ግን መሣሪያው ከመምጣቱ በፊትም የሰው ዓይንና የሰው እጅ ነበሩ፤ ከሁለቱ የቀደመ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ብዙ ፈረስ የተሰለፈበት ውድድር ብዙ ውርርድ ያመጣል።

እግሩ የተሰበረ ፈረስ ይታከም እንጂ ለምን ይገደላል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ባርባሮ የሚባለው ፈረስ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2006 የኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሪክነስ ውድድር ገና ሩጫው እንደተጀመረ የቀኝ የኋላ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሞች አጥንቱን በብረትና በ27 ብሎን ገጣጠሙት። አገሩ ሁሉ ጸለየለት፤ አበባና ካሮት ላከለት። ችግሩ ፈረስ እንደ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያገግም በሽተኛ አለመሆኑ ነው። መቆም አለበት፤ የታመመውን እግር ለማዳን ሲል በሌሎቹ ላይ ሲደገፍ ደግሞ ጤነኞቹ ይታመማሉ። ላሚናይቲስ የሚባለው የሰኮና ውስጥ ብግነት ያዘው። ከስምንት ወር ትግል በኋላ ጃንዋሪ 29 ቀን 2007 ስቃዩ እንዲያበቃ ተወሰነ። በ2008 ደግሞ በዚያው ደርቢ ሁለተኛ የወጣችው ኤይት ቤልስ መስመሩን ካለፈች በኋላ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ተሰብረው እዚያው አሸዋው ላይ በመርፌ ተገላገለች። (ወዳጄ ይህቺን ቢሰማ ስንት ቤት ይመታባት ነበር!) ገንዘብም እውቀትም ያልጎደለው ሕክምና ያላዳነው እግር ሊጠበቅ የሚችለው ከመሰበሩ በፊት ነው፤ ሌላ ጊዜ የለውም።

እስካሁን ስለ ፈረሱ ተናገርሁ። በጀርባው ላይ ሰው እንዳለ ግጥሞቻችን ይረሳሉ፤ እኔም እዚህ ድረስ ረስቼው መጣሁ።

ጆኪ ማለት ከ50 ኪሎ ብዙም የማያልፍ ሰው ነው። ያቺን ክብደት ለመጠበቅ ምግቡን ይተዋል፤ በእንፋሎት ክፍል ተቀምጦ ላቡን ያንጠፈጥፋል፤ ከዚያም በዛለ ጉልበቱ እርካቡ ላይ ቆሞ ይጋልባል። ውድድሩ ሲጀመር አምቡላንስ ከፈረሶቹ ኋላ ይከተላል። እኔ ገንዘብ ስቆጥር አምቡላንስ ከኋላዬ ቢቆም በማግሥቱ ሥራ የምገባ አይመስለኝም። ከፊት ያለው ፈረስ እግሩ ሲሰበር የላዩ ሰው በዚያው ፍጥነት ወደ መሬት ይወረወራል፤ ከኋላ የሚመጡት ፈረሶች ደግሞ መቆሚያ የላቸውም።

ሴክሬታሪያት የተባለውን ፈረስ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የቤልሞንትን ውድድር ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ጥሎ አሸነፈ። በጀርባው የነበረው ሮን ተርኮት የተባለ ካናዳዊ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 13 ቀን 1978፣ በዚያው በቤልሞንት ፓርክ ከሌላ ፈረስ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ2025 እስካረፈ ድረስ 47 ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። ስለ 31ዱ ርዝመት መጽሐፍ ተጽፏል፤ ፊልም ተሠርቷል። ስለ 47ቱ ዓመት ሲናገርና ለተጎዱ ባልንጀሮቹ ዕርዳታ ሲለምን የኖረው ግን እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ይህ ለባንክ ሰው የሚቆረቁር ነው። በ2004 በዌስት ቨርጂኒያ አንድ ጆኪ ወድቆ ሽባ ሆነ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ የጆኪዎቹ ማኅበር ለከባድ አደጋ ይዞት የነበረው መድን ቀደም ብሎ እንደተቋረጠ፣ የቀረው የሜዳው መድንም ከ100 ሺህ ዶላር እንደማያልፍ ታወቀ። አከርካሪው ለተሰበረ ሰው በአሜሪካ ሆስፒታል 100 ሺህ ዶላር ስንት ሳምንት ያስተኛል? ውድ ፈረሶች ግን የሞት መድን ይገባላቸዋል፤ ፈረሱ ንብረት ነውና ዋጋው በመዝገብ ይሰፍራል። ሰውየው የማንም ንብረት ስላልሆነ የሚመዘግበው አላገኘም። የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ ሲያይ ያፍራል።

ታዲያ ነገሩ መሻሻል የጀመረው ከየት ነው ቢባል፣ ከመቁጠር ነው። አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየሜዳው የሞተውን ፈረስ በአንድ ቋት መመዝገብ ያዙ። በዚያ ዓመት ፈረስ 1,000 ጊዜ ለውድድር ሲሰለፍ 2 ሞት ይመዘገብ ነበር። በ2020 ሕግ ወጣ፤ በሕጉ የተቋቋመው ባለሥልጣን ከጁላይ 2022 ጀምሮ የሜዳ ደኅንነት ደንቦቹን ሥራ ላይ አዋለ፤ ፈረስ ከውድድር በፊት ይመረመራል፣ አፈሩ ይለካል፣ አለንጋው ይቆጠራል። በ2024 በእሱ ሥር ባሉት ሜዳዎች ሞቱ ከ1,000 ወደ 0.90 ወረደ፤ በሥሩ ባልገቡት ደግሞ 1.76 ሆነ። ደንብ ብቻውን አጥር አይደለም፤ በ2023 የጸደይ ወቅት፣ ደንቡ እያለ፣ በቸርቺል ዳውንስ 12 ፈረሶች ሞተው ውድድሩ ወደ ሌላ ሜዳ እስከ መዛወር ደርሷል። ይህን አልደብቅም። ሆኖም ያው ዝርያ፣ ያው ሩጫ፣ ያው ፍጥነት ሆኖ ሳለ ሞቱ በግማሽ ቀነሰ። ደንብ የሚፈራ ዕጣ ፈንታ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር ከተማ ቅርንጫፍ ተመድቤ እሠራ ነበር። በጥምቀት ማግሥት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከከተማዋ በታች ባለው ሜዳ ጉግስ ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ የጋለበው ዳማ ፈረስ የአጎቱ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የሰነበተ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር አጠገቤ ቆመው ነበርና በደንብ አየኋቸው። ዳማው የፊት ግራ እግሩን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፤ ያነሣል፣ ያስቀምጣል። እኔ ለሩጫ የቸኮለ መሰለኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ «ሜዳው ይፋጀዋል» ብዬ ጻፍሁ፤ ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልሁትም። በሦስተኛው ግልቢያ ዳማው ተደፋ፤ ልጁ ከሥሩ ሆነ። ድንጋይ ያልተለቀመበት ሜዳ ነበር። ሐኪም አልነበረም፤ የራስ ቁር አልነበረም፤ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዱት በዚያው በጋሪ ነው።

በዚያች ሌሊት ግጥም ጻፍሁ። ከተመለስሁም በኋላ መድረክ ላይ አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝ። እንዲህ ይጀምራል፤

ፈረሱ አዘለው፣ ነፋሱ ወደደው፤
ሰማዩ ቀናና፣ ከመንገድ ወሰደው።
ወደቀ አትበሉኝ፣ ወድቆም አያውቅ እሱ፤
ክንፍ ሆኖለት እንጂ፣ ያ ዳማ ፈረሱ።

የዛሬ ዓመት ለሥራ ወደዚያች ከተማ ስሄድ ልጁን ልጠይቅ ቤቱ ገባሁ። በር አጠገብ፣ ፀሐይ በምታገኘው መደብ ላይ ተጋድሟል፤ እግሮቹ በጋቢ ተሸፍነዋል። እናቱ ቡና አፈሉ። ግጥሙን እኅቱ ከስልኳ አንብባለት ኖሯል። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሞትሁም» አለኝ። ምን ልመልስ? «ዳማው ነው የሞተው። እሱንም ሰማይ አልወሰደውም፤ እግሩ ተሰብሮ ወንዙ ዳር ጥለውት ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት ጅብ ወሰደው። ድምፁን እዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ።» እናቱ «ተው እንጂ፣ እንግዳ ነው» አሉት። ቡናው ቀረበ።

ወዳጄ ሆይ፣ «ምን ጎደለው?» ላልኸኝ መልሴ ይህ ነው። የሞተ ጋላቢ ለቤት መምቻ ይመቻል፤ የታመመ አይመችም። ስለዚህ ገደልሁት። ፈረሱንም ክንፍ አወጣሁለት፤ ክንፍ ላለው ፈረስ የሰኮና ሐኪም ማን ይጠራል? የእኔ አራት ስንኝና የሳንታ አኒታ ሰዎች «ዝናቡ ነው» ማለት አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም የሚያነክሰውን እግር ሸፍነዋል።

«ባህላችንን ተው» የሚለኝ ይኖራል። ባህሉ ይቅር አላልሁም፤ ጉግስ ቢቀር ከማንም በፊት የምከፋው እኔ ነኝ። እንግሊዞች ግራንድ ናሽናል የሚሉትን ዝነኛ ውድድራቸውን አልሻሩትም፤ በ2024 ግን የፈረሱን ቁጥር ከ40 ወደ 34 ቀንሰው፣ የመጀመሪያውን መዝለያ ወደ መነሻው አቅርበው ቀጠሉ። ሌላው ደግሞ «ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ፈረስ ታወራለህ?» ይለኛል። ይህን ባይ በየመንገዱ ዳር እግሩ ተሰብሮ የተጣለውን የጋሪ ፈረስ አልፎ የሚሄድ ሰው ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ አልፌአለሁ። ነገር ግን ዳማውን ያየ ሰው ቢኖር ልጁ ዛሬ በእግሩ ይሄድ ነበር። የፈረሱን እግር ማየት የሰውየውን አከርካሪ ማየት ነው፤ ሁለት ጉዳይ አድርገን የምንከራከረው እኛ ነን።

ከጥምቀት በፊት ለዚያች ከተማ የበዓል አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፍሁ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ጠዋት ፈረሶቹን አስኪዶ እንዲያይ፣ ሳምንቱን ጋሪ የጎተተ ፈረስ እንዳይገባ፣ ሜዳው ድንጋዩ እንዲለቀም፣ ለጋላቢዎች የሞተር ብስክሌት ሄልሜት እንኳ ቢሆን እንዲፈለግ፣ የወደቀ ሁሉ፣ ሰውም ፈረስም፣ በደብተር እንዲጻፍ ለመንሁ። ጸሐፊያቸው ደግ ሰው ናቸው፤ በስልክ መለሱልኝ። ድንጋዩን ወጣቶቹ እንደሚለቅሙ ነገሩኝ። ደብተሩንም እሺ አሉ። «የሐኪሙ አበል ግን ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ለአንደኛው ከሚሰጠው ሽልማት ላይ ይቀነስ አልኋቸው። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።